ከአስፋልቱ ማዶ የተቀመጠው ቴፕ

ሬዲዮ ጣቢያዎች እንግዳ ሲቸግራቸው እንደ እኔ ያለውን መጽሐፍ ለቃሚ ይጠራሉ። የሚጠይቁትም ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በክፉ ቀን ያጽናናዎት ሙዚቃ የቱ ነው?» ከእኔ በፊት የገቡት እንግዶች መልሳቸውን አዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የሚወዱትን ዘፈን ይጠራሉ። ተራው ደርሶኝ እውነቱን ስናገር ጋዜጠኛዋ ቀልድ መስሏት ወደ ማስታወቂያ ሄደች። እኔ ግን አልቀለድኩም። በክፉ ቀን የደረሰልን ዘፈን በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሁሉ አብዝቼ የምጠላው ነው።

የምወዳቸው ሙዚቃዎች በችግሬ ቀን ምንም ሲፈይዱልኝ አላየሁም። የሚወዱትን ዘፈን ለሐዘን ማዋል የክት ልብስ ለብሶ ጭቃ እንደ መግባት ነው፤ ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ልብሱ ግን ዳግመኛ ለዓመት በዓል አይሆንም።

አክስቴና ባሏ ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው። ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ሲና ላይ በብርድ ሲንዘፈዘፍ ቆይቶ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆዳውንም ቢያወልቅ ደስ ይለዋል። የሚርበውም ያኔ ነው። አውቶቡስ ግን የሚቆመው መንገደኛው በተራበበት ቦታ ሳይሆን ሹፌሩ በወደደው ቤት ነው። ሹፌርና ረዳት መንገደኛ ይዘው የገቡበት ቤት በነፃ ይበላሉ፤ ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ስለዚህም ማንም አልሻረውም።

የአክስቴ ባል፣ ጋሼ የምላቸው፣ ራሳቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ከናፍጣ ሞተር ጎን ተቀምጠው አሳልፈው፣ መኪናውን ሲተዉ ጆሯቸውን እዚያው ረስተውት ወረዱ። ይዘው የወረዱት አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ነው። ዘፋኙ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወረቀቱ ከጠፋ ቆይቷል። ኪቦርድ አለ፤ በከበሮ ፋንታ ቷ ቷ የሚል ማሽን አለ፤ አንድ ሰውዬ ደግሞ ልጅቱን «ነይ» ይላታል። ትመጣ ይሆን ብሎ የሚጠብቅ አድማጭ ይከስራል። ካሴቱ እስኪያልቅ «ነይ» ነው፣ ሲገለበጥም «ነይ» ነው።

ጋሼ ይህን ዘፈን ይወዱታል ይባላል። ይባላል የምለው ስለማይሰሙት ነው። አውቶቡስ ከከተማው ድልድይ ወዲህ ብቅ ሲል፣ ሹፌሩን ሊጠሩበት፣ ግራ መዳፋቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ያሳርፉና በቀኝ እጃቸው ድምፁን ይጨምራሉ። መዳፋቸውን እስኪኮረኩራቸው ድረስ አይበቃቸውም። ለእሳቸው የእጅ መኮርኮር የሆነው ለእኛ የራስ ምታት ነበር። «ዛሬ ጥሩ ይዟል» ይላሉ መዳፋቸውን እያዩ።

እኔ ያኔ ጎልማሳነትን ሳልጀምር ሥራ የጨረስኩ ሰው ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ አገሩ ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። እኔም በአንዱ ስብሰባ ከመሥሪያ ቤቴ ተቀንሼ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ተሸክሜ አክስቴ ዘንድ ተጠግቻለሁ። አንድ ቀን መረረኝና ጋሼ ጆሮ ሥር ጮህኩ።

«ጋሼ፣ ሌላ ካሴት ላምጣልዎት?»

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው!»

«እንጀራስ አንድ ዓይነት አይደለም? ትናንት በላሁ ብለህ ዛሬ ስትተው አላየሁህም።»

በመስከረም ጋሼ ታመው ወባ ነው ተባሉ፤ ወባ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። የሌላ ሰው ፍርድ ሲጽፉ አርጅተው፣ መፍረድ እንዳማራቸው የቀሩ። ከቀብር መልስ መጀመሪያ ያደረጉት ቴፑን ነቅሎ፣ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። «ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከዚህ ግቢ ዘፈን አይሰማም» አሉ። ደንብ ነው፤ ማንም አልተከራከረም። እኔማ በልቤ መርቄያቸዋለሁ።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ብታለቅስ በወደድን። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ያቀረብንላትን ምግብ ዝንብ ይበላዋል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስንጠይቃት ከትራስ ሥር አውጥታ ሳትዞር ወደ ኋላ ትዘረጋለች። አያቴም እንዲሁ ግድግዳ እያየች ተኝታ በዚያው እንደቀረች በቤተሰባችን ይነገራል። ስለዚህ ፈራሁ። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ሰው ከግድግዳ የሚመለስበትን መንገድ አልነገረኝም።

ምግብ ቤቱም አብሯት ተኛ። አውቶቡሶቹ በራችን ላይ አቧራቸውን እያራገፉ ወደ ታችኛው ምግብ ቤት ያልፋሉ። ወጥ ቤቱን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ማለፋቸው ለመንገደኛው ጤና ሳይሻል አልቀረም።

ያኔ በሙዚቃ ፈዋሽነት የማምን ሞኝ ነበርኩና ከካርቶኔ ውስጥ የምሳሳለትን የበገና ካሴት አወጣሁ። ዳኛው ዘንድ ሄጄ «አባባ፣ በገና ዘፈን ነው?» አልኳቸው።

«በገና ጸሎት ነው።»

«እንግዲያው ብከፍተው?»

አሰቡ። «ጸሎት የከለከለ የለም» አሉ። ቁም ሳጥን ላይ ያለው ቴፕ እንዳይነካ አዘው የገዛ ልጃቸውን አዋሱኝ፤ ቴፑን ማለቴ ነው፣ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ሲሄድ የተወውን።

በገናው በተከፈተ ቀን አንድ አውቶቡስ እኛው በር ላይ ጎማው ተነፈሰ። መንገደኞቹ ገቡ። በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሏል፤ በገናው ያንጎራጉራል፤ በተገለጠው መጋረጃ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ግድግዳውን ተከትለው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ።

«ምን ልታዘዝ?» አልኩ።

አንዲት ሴትዮ እጄን ያዙኝ። «እግዜር ያጥናችሁ፣ ልጄ።»

ለቅሶ ቤት ገብቶ ጥብስ የሚያዝ ማን አለ? በዚህ መሐል ጎረቤታችን ከሩቅ አገር ለቅሶ ደራሽ የመጣ መስሏቸው አንድ ሰፌድ ንፍሮ ይዘው ብቅ አሉ። መንገደኛው ንፍሮውን በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ በቅጡ ያላለቀሰላቸው የገዛ ሙታን ያሉት ሁሉ አለቀሰ። ሦስት ሰዎች ጓዳ ገብተው አክስቴን አጽናኑ፤ ዞር አላለችም። ሹፌሩ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጎማው ባይተነፍስ ለቅሶውን ሳንደርስ ልንቀር ነበር» አለኝ። ከልቡ ነው።

ካሴቱን ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ በገና በሰማሁ ቁጥር ንፍሮ ይሸተኛል።

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችን፣ ሐጂ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አባቶቻቸው በአሊዩ አምባ ገበያ የነገዱ፣ መንዙማ እንጂ ዘፈን ጆሯቸው እንዲገባ የማይፈቅዱ ሰው ናቸው። ጋሼ በሕይወት ሳሉ በዚያ ቴፕ የተነሳ በሳምንት አንዴ ሳይጣሉ አያልፉም ነበር። ጠቡ ረጅም ነው፣ ምክንያቱም አንደኛው ወገን አይሰማም። አንድ ቀን ከሰዓት አስፋልቱን ተሻግረው መጡ።

«ይሄ ዝምታ ከቴፑ ባሰብኝ» አሉኝ። «ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የምናደድበት አጣሁ፤ አስተግፊሩላህ። ቴፑን እኔ ጋ አምጡት። እኔ ቤት ሐዘን የለም።»

«ሐጂ፣ አንቱ እኮ ዘፈን አይሰሙም።»

«አልሰማም! የሚሰማው ሹፌሩ ነው። ጨርቅ የምሸጥላትን ሁሉ ለብሰሽው የት ትሄጃለሽ እላለሁ እንዴ?»

ዳኛው ተጠርተው ግቢያችንን ከአስፋልቱ በሚለየው የጎርፍ ቦይ አፍ ላይ ቆሙ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፤ በዘንጋቸው መስመር አሰመሩ። «ሐዘኑ የግቢው ነው። ግቢው እዚህ ቦይ ላይ ያልቃል። አስፋልቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት አልሞተበትም። ከዚያ ወዲያ ያለው የሐጂ ነው።»

«ድምፁ ወደዚህ ቢሻገርስ?» አልኩ፣ መከራከር ልማዴ ስለሆነ።

«ድምፅ ሲሻገር አሳዶ መያዝ የእድር ሥራ አይደለም።»

ሐጂ ጆሯቸውን በጥጥ ደፈኑ፣ ቴፑን በጥቅል አቡጀዲና በብትን ጨርቅ መሐል አስቀመጡ፣ በጨዋ ድምፅም ከፈቱት። ጨርቅ ድምፅ ይጠጣል። ያ «ነይ» የሚለው ሰውዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጣራ መሰለ። ሦስት ቀን ሙሉ አውቶቡሶቹ አለፉ።

በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። አክስቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች።

«ማነው?»

«ምኑ?»

«ማነው እንዲህ አድርጎ የሚያጫውተው?»

«ሐጂ ናቸው።»

«እንዲህ ነው እንዴ የሚጫወተው? እሱ እንዲህ ሲያጫውተው ሰምተህ ታውቃለህ? የምስኪኑን ዘፈን አነቁት እኮ!»

ከቀብሩ ወዲህ ከአፏ የወጣ ረጅሙ ንግግር ነው። መልስ ሳትጠብቅ ተነስታ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ያለ ጫማ ወጣች። አውቶቡስ ከድልድዩ በኩል እየመጣ ነበር። ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገረች። ፍሬኑ ሲጮህ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ አውቶቡሱ ቆሟል፣ እሷ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ገብታለች።

ቴፑን ከጨርቆቹ መሐል ጎትታ አወጣችው፤ አፉን ወደ መንገዱ አዞረችው። ከዚያ ግራ መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈችና በቀኝ እጇ ጨመረች። ጠበቀች። ደግማ ጨመረች። መስታወቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐጂ ከነጥጣቸው ጆሯቸውን ይዘው ተነሱ።

«እትዬ! ጆሮዬ!»

«በጆሮ አይደለም ሐጂ፤ በእጅ ነው። ያኑሩበት እስቲ።»

ሐጂ መዳፋቸውን አኖሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኸው ልኩ» አለች። የእሷን መዳፍ ግን አላነሳችም። እዚያው ቆመች፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ። ሐጂ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ጨርቆቹ አዞሩና የተጠቀለለውን እንደገና ይጠቀልሉ ጀመር።

ስትመለስ መንገደኞቹ ማን ተገጨ ብለው ወርደው፣ የተገጨ ሲያጡ ምሳ ይጠይቁኝ ነበር። እጇን ታጥባ ወጥ ቤት ገባች።

«ሽንኩርቱን ማነው እንዲህ የገደለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ አንድ ሽንኩርት?»

በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ሂስ የለም።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ባል የሞተባት ሴት አርባ ሳይወጣ ዘፈን ላይ እጇን አኑራለች ተብሎ ተከሳለች። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«ዘፈን ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም። ነካሁት።»

ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ መንካት ከመስማት ያነሰ ነው አለ፤ ግማሹ ይብሳል አለ። አንድ አዛውንት ከበሮ የሚነካ ካህን ዘፋኝ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ ሌሎች ዝም በሉ አሏቸው። ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ ፍርዱ ተነበበ፦ ሴትየዋ አስፋልቱን አትሻገር፤ ከቦዩ ወዲህ ቆማ ግን በእጇ ምልክት ማሳየት ትችላለች። ምልክት ዘፈን አይደለም።

ያን ዓመት እንዲህ ኖርን። አውቶቡስ ከድልድዩ ብቅ ሲል አክስቴ ጥቁሯን ለብሳ ቦዩ አፍ ላይ ትቆምና እጇን ከፍ ታደርጋለች። ከማዶ ሐጂ በጆሯቸው ጥጥ፣ በማጉያው ላይ መዳፍ፣ ዓይናቸውን እጇ ላይ ተክለው ይጨምራሉ። «ገና!» ትላለች በእጇ። ይጨምራሉ። ሰላት ሲደርስ ይዘጋል፤ በረመዳን ወሩን ሙሉ ይዘጋል፤ በሁዳዴ እኛ እናስዘጋለን። አክስቴ ቴፑ በተዘጋበት ቀንም እጇን ታነሳ ነበር፣ ልማድ ሆኖባት። አውቶቡሶቹም ይቆሙ ነበር። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ቴፑን ላመጣ ስሄድ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ» አሉ። እስኪመሽ ድረስ በራቸው ላይ ቆመው ወደ እኛ ሲያዩ ዋሉ። በማግስቱ አክስቴ ቴፑን አሸክማ ወደ ማዶ መለሰችኝ።

«ለምን?»

«ቴፑ እዚህ ከሆነ ማንን አዛለሁ?»

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ሙዚቃና ሐዘን አንድ ድርሰት ልጽፍ ተነስቼ፣ በዚያ መስመር ሲነዳ የኖረ ሹፌር አጣዬ ላይ አገኘሁ። ዘፈኑ እንዴት እንደሚያስቆመው ጠየቅኩት።

«የምን ዘፈን?»

«ከማዶ የሚከፈተው ነዋ።»

«ወንድሜ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ እኔ የራሴን ቴፕ ከፍቼ፣ ከማዶ ምን እሰማለሁ? ጥቁር የለበሰች ሴት መንገድ ዳር ቆማ እጇን ስታነሳ ታዲያ ልለፋት?»

«በባሏ ጊዜስ? ያኔ እጅ የሚያነሳ አልነበረም።»

«ጥብሱ ነዋ!»

ድርሰቱ ቀረ። በሚቀጥለው ጉዞዬ ለአክስቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ያ ሁሉ ዳኝነት፣ ያ ሁሉ ጥጥ፣ ያ ሁሉ «ነይ» ባዶ ልፋት እንደነበረ፣ ዘፈኑን አንድም ሹፌር ሰምቶት እንደማያውቅ በማስረጃ አስረዳኋት።

«ባሌስ መቼ ሰማው?» አለችኝ።

ከድልድዩ በኩል አውቶቡስ ብቅ አለ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወደ ቦዩ ሄደች። ከማዶ ሐጂ ጥጣቸውን እየፈለጉ ነበር።