ከትራሱ ሥር የተንቀጠቀጠው ጆይስቲክ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የንስሐ አባታችን አባ ኪዳኔ በራችንን ሲያንኳኩ ጆይስቲኩ እጄ ላይ ነበር... በደንብ እየሠራ። ድምፃቸውን ስሰማ ትራስ ሥር ወሸቅኩት። ለምን እንደወሸቅኩት ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገመድ አልባ ጆይስቲክ ላከልኝ። እዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ የሚያሠራ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ቡሬ ያሉት ጓደኞቼ «ተው፣ ዊንዶውስ ጫንና እንደ ሰው ተጫወት» ይሉኛል። እኔ ግን ግትር ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ታግዬ በብሉቱዝ አገናኘሁት፤ ኳስ ተጫወትኩበት፤ ጉራዬንም ሠፈሩ ሁሉ ሰማ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ባትሪ እንዲቆጥብልኝ ብዬ ትእዛዝ ጻፍኩና የኮምፒውተሩን ብሉቱዝ ዘጋሁት... ረሳሁትም።

በማግሥቱ አባ ኪዳኔ እንደ ልማዳቸው ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጡ። አባ ሲረጩ አይሰስቱም። ግድግዳው፣ አልጋው፣ እኔ፣ ባለቤቴ እናትነሽ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጆይስቲክ... ሁላችንም ደረሰን።

መብራት ሲመጣ ጆይስቲኩ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ከኮምፒውተሩ ጋር አልገናኝ አለ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። እኔ ደግሞ የማልሳሳት ሰው ነኝና ጥፋተኛ ለማግኘት አልተቸገርኩም።

«አባ ገደሉት!» አልኳት እናትነሽን።

«ኧረ በስመአብ በል! ጸበል ዕቃ ይገድላል እንዴ?»

«ዕቃው ጸበል ይሁን ውሃ በምን ያውቃል?»

እዚሁ ገጽ ላይም «አባ ኪዳኔ ሲረጩ ጆይስቲኬ ተጠምቆ አረፈ» ብዬ ለጠፍኩት። ታስታውሳላችሁ... ብዙ ስቃችኋል።

ይኼም አልበቃኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ጠጋ ብዬ፣ ትሕትና ቀብቼ፣ «አባ፣ ከእንግዲህ ጠረጴዛው ላይ ባይረጩ... ያቺ ዕቃ ውሃ ገብቷት ሞታብኛለች» አልኳቸው።

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። «ውይ ልጄ... እኔ ነኝ ያበላሸሁብኽ?»

«ምንም አይደለም አባ» አልኩ። አነጋገሬ ግን «አዎ፣ እርስዎ ነዎት» የሚል ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር ላገናኝ ስል እሱም እምቢ አለ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ትእዛዝ ጽፌ ሳየው ብሉቱዙ ተዘግቷል ይላል። የዘጋሁት እኔ! ሊኑክስ የነገሩትን አይረሳም፤ አጥፍቼ ሳበራውም እንደዘጋሁት ይዞልኝ ቆይቷል። ከፈትኩት። የጆይስቲኩ መብራት ብልጭ ድርግሙን ተወና ቀጥ ብሎ በራ።

ዘለልኩ። ከዚያ አባ ትዝ አሉኝ።

እናትነሽን «ደርቆ ዳነ» ብዬ ዋሸኋት። ለአባ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ቅዳሜ ደረሰ፤ እሳቸው ራሳቸው መጡ።

እናትነሽ ገበያ ሄዳ ነበር። አባ ገብተው ልክ ትራሱ አጠገብ ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ሥር በሳሕን የተከደነ ማር አወጡ።

«ከቀፎዬ የቆረጥሁት ነው። ዕቃኽን አበላሽቸብኽ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ይቅር በለኝ ልጄ» አሉና ተነሥተው ጎንበስ አሉ። መስቀላቸውን እየተሳለምኩ ነው ያደግኩት... እሳቸው እኔ ፊት ጎንበስ!

ይኼኔ ትራሱ ተንቀጠቀጠ። ጨዋታውን ሳላቆም ነበር የወሸቅኩት፤ ጎል ሳይገባብኝ አልቀረም።

«ስልክኽ ነው መሰል፤ አንሣው ልጄ» አሉኝ።

«ይቆይ አባ» አልኩ። ቀጥዬም... «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አልኳቸው። ማሩንም ተቀበልኩ።

ማታ እናትነሽ ማሩን አወድሳ አልጠገበችም። እኔ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመስኩም።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ ቤት ጎራ ስል ቴሌቪዥናቸው በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ አየሁ።

«ምነው እማማ፣ ምን ሆነው ነው የጠቀለሉት?»

«አባ ኪዳኔ ናቸው ሸፍኑ ያሉን። የአንድ ሰው ዕቃ በእጄ ጠፍቷል ይላሉ። አሁንማ ውስጥም አይገቡ፤ ደጃፉ ላይ ጠብ አድርገው ይሄዳሉ።»

የማን ዕቃ እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ግን የሳቸውን ነገር በዚህ ገጽ ለዚህ ሁሉ ሰው ዘርግፌዋለሁ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

በነጋታው ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ውስጥ አባ እግር ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። መዝጋቴን፣ ማወቄን፣ ዝም ማለቴን፣ ማሩን፣ ትራሱን...

ስጨርስ አባ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «ያን ዕለት የተንቀጠቀጠው እሱ ነበር?»

«አዎ አባ።»

«እኔኮ ዕቃው ሞተ ካልኽኝ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ እጄ ይፈራል» አሉ መዳፋቸውን እያዩ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ።

ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። «የለም» አሉኝ፤ «ባወራኽበት ሁሉ ሂደኽ እውነቱን አውራ። የሸፈኑትንም አንተው ግለጥላቸው።»

ትናንት ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። ከረጢት ስፈታ፣ ቴሌቪዥን ስገልጥ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ስል። እማማ ጥሩዬ እስኪያነቡ ሳቁብኝ። አንዳንዱ ደግሞ ዐይን ዐይኔን አየኝ... እሱ ይብሳል። ማታ ላይ አባ እኛ ቤት መጥተው ከደጃፉ አልፈው ገቡ፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸው ለአፍታ ቆም አለ። «ይርጩት አባ» አልኳቸው። ረጩት።

የቀረኝ ይኼ ገጽ ብቻ ነበር። ጆይስቲኩ ደኅና ነው፤ ጸበሉም አልነካው፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እና ያኔ በአባ የሳቃችሁትን ያህል... አሁን በኔ ሳቁ።