ስፒከር የተደገፈው ሰው

ሰውየው ከሁሩሙ የመጣው ኤሌክትሪክ ጊታሩን በዱቄት ጆንያ ጠቅልሎ ነው። መቱ ላይ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው መህዲ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት አይቶ የወፍጮ ቤት ሰው መሆኑን አወቀ። ጊታሩ ላይ በቀለም የተጻፈው የባንድ ስም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የክሮቹን ድምፅ የሚቀበለው ሀምበከር ፒካፕ ተበላሽቷል። መህዲ ሁለት ምትክ አወጣ፤ አንዱ ለስለስ ያለ፣ ሌላው ለሃርድ ሮክ የተሠራ ኃይለኛ።

"ሁለቱንም በየተራ ግጠምልኝ፤ ሞክሬ ልምረጥ" አለ ሰውየው፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ጮክ ብሎ።

የመጀመሪያው ሲገጠም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ስፒከሩ ላይ አስደገፈና ጥቂት መታ። አልጣመውም። በሁለተኛው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ። ጎረቤት ልብስ የምትሰፋው ዘህራ ጆሮዋን ይዛ ወጣች።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ጆሮ ያደነቁራል" አለ መህዲ። ሰውየው ዓይኑን እንደጨፈነ መጫወቱን ቀጠለ። ትከሻውን ነካ አድርጎ ደገመለት። ሰውየው አፍ አፉን አየና ፈገግ አለ።

"ጆሮዬንማ ወፍጮው ከወሰደው ዘጠኝ ዓመቱ። ያኛው ጀርባዬ ላይ አልደረሰም፤ ይሄን ግን ሰማሁት።"