መጥረቢያ የሌላት ልጅ

ባለፈው አርብ የእህቴ ልጅ ከስልኩ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበበልኝ። የአንድ የድሮ አስፈሪ ጌም ሦስተኛው ክፍል ሊወጣ ነው አሉ። ጸሐፊው ያለፉትን ሁለቱን ሲያነጻጽር፣ «ክፍል ሁለት ቀርፋፋ ነው፤ መደበቅ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፤ አያስፈራም» ይላል። ልጁ ንባቡን ቀጠለ። እኔ ግን ልቤ ድሮ በሰው አገር ወደኖርኩበት ሰፈር፣ ወደ ካርቲየ ሰባት ሄዶ ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ። አጎቴ እዚያ የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረው፤ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ክፍል አንድ ሲመጣ ሰፈሩ አበደ። አንዲት ልጅ በፈረሰ ሆስፒታል ውስጥ መጥረቢያ ይዛ ጭራቅ ትፈልጣለች። በክፍል ሁለት ልጅቷም ሆስፒታሉም ያው ናቸው፤ መጥረቢያው ግን የለም። ጭራቁ ሲመጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ትንፋሽን መዋጥ ብቻ! ደንበኞቻችን አልታገሡም። «ሴ ኑል!» አሉ በፈረንሳይኛ፣ አይረባም ለማለት፤ ወደ ኳስ ጌማቸው ተመለሱ።

ያልተወው ሰይድ ብቻ ነበር። ከከሚሴ የመጣ ልጅ ነው፤ ወደ የመን የሚያሻግረው ጀልባ እስኪገኝ ካርቲየ አራት ከአገሩ ልጆች ጋር ተዳብሎ ይኖራል። ወረቀት የለውም። እሱ አይጫወትም፤ እኔ ስጫወት ያያል።

ካምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ አሸዋውን በበሩ ሥር የሚያስገባበት ወቅት ነበር። ከቀትር በኋላ ጫት ከገባ ሰፈሩ ጭጭ ይላል። ሰይድ ሳምቡሳውን ገምሶ ሰጥቶኝ፣ በርበሬው ከንፈሬን እያቃጠለኝ ስጫወት ጭራቁ መጣ። ልጅቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። ወዲያው ከውጭ የሩጫ ኮቴ ሰማን።

«አፈሳ! አፈሳ!» አለ አንድ ሰው በአማርኛ።

ሰይድ ብድግ አለ። ቤቱ የኋላ በር አልነበረውም።

«እህቴ፣ የት ልግባ?»

የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ጨርቅ ገለጥኩለት። እግሩን አጥፎ ገባ። ጨርቁን ከማውረዴ በሩ ተበረገደ።

«ማን አለ እዚህ?» አለኝ የገባው ፖሊስ በሶማልኛ።

«እኔ ብቻ ነኝ።»

የመኖሪያ ወረቀቴን አይቶ መለሰልኝ፤ ግን አልሄደም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ጭራቁ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ያሸታል። ጣቴን ከቁልፉ ላይ ካነሳሁ ልጅቷ ትተነፍሳለች።

«ለምን አትመታውም?»

«በምን ትምታው? መጥረቢያ የላትም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«እስኪሄድ ትጠብቃለች» አልኩት።

ጠጋ አለ። የጫማው ጫፍ ጨርቁን ነካው። ጆይስቲኩ በላበው እጄ ውስጥ ተንሸራተተ። በልቤ እግዚአብሔርን ለመንኩ፤ ለልጅቷ ይሁን ለሰይድ አላውቅም። ጭራቁ ዘወር ብሎ ሄደ። ፖሊሱም አብሮኝ ትንፋሹን ይዞ ኖሮ፣ እፎይ አለ።

«የፊተኛው ይሻል ነበር» ብሎኝ ወጣ።

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ጨርቁን ገለጥኩ። ሰይድ አቧራው እንዳያስለው የሸሚዙን እጅጌ ነክሶ ነበር።

«ውሸቱን ነው» አለኝ። «ይሄኛው ይበልጣል። መጥረቢያ የያዘ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ልንስቅ ሞከርን፤ አልቻልንም።

በሳምንቱ ጀልባው ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ ሄደ። ጅዳ መግባቱን የአገሩ ልጆች ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

የእህቴ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ፣ «አክስቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ጸሐፊው ዋሸ አልልም፤ እሱን አላስፈራው ይሆናል። ሰይድ ደግሞ ያችን ትዕይንት በዓይኑ እንኳ አላያትም፤ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ በጆሮው ብቻ ነው የሰማት። እስከ ዛሬ ፍርድ ሲሰጡ ከሰማኋቸው ሁሉ ግን የማምነው እሱን ነው።