ጉንጉን ያላደረገችው ላም

ልጅ ሳለሁ፣ ያ በሽታ ከተማውን የዘጋው ጊዜ፣ የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች መብራታቸውን አጥፍተው እናቴም ከሆቴል ሥራዋ ቀርታ ቤት በዋለችበት ሰሞን፣ ማታ ማታ ጓሯችን ተቀምጠን የኦስትሪያ መንደር ወሬ እንሰማ ነበር። አዎ፣ የኦስትሪያ። ለሌላው ልጅ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ይወራለታል፤ የእናቴ አክስት እትዬ በለጡ ግን አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት በስደተኝነት ብዙ ዓመት የኖሩባት፣ በሁለት ተራራ መሀል የተወሸቀች፣ ስሟን ሲጠሩት ያስነጠሳቸው የሚመስለን አንዲት ትንሽ መንደር ነበረቻቸው።

ያኔ ቤታችን ከላስ ቬጋስ ዳር፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባል ሰፈር ነበር። የቀኑ ሙቀት ጋብ ሲል እትዬ በለጡ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ አጥሩ ላይ የተሰካችው የፀሐይ መብራት ፊታቸውን በግማሽ ታበራዋለች፤ ጎረቤታችን ጭሱ አስመርሮት በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል «ግሩስ ጎት!» ይሉታል፣ በመንደሯ ሰላምታ። ሰውየው ግራ ገብቶት ይመለሳል። ከእኛ ራቅ ብለው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ የሚቀመጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። እናቴ በምትሠራበት ሆቴል ወለል የሚያጸዱ፣ ሁልጊዜ በመኪናቸው የሚያደርሷትና የሚመልሷት የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ከእኔ ይልቅ ለወሬው የሚጓጉት እሳቸው ነበሩ።

መንደሯ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ አታይም ነበር አሉ፤ ተራራው ይጋርዳታል። ፀሐይ የተመለሰች ቀን ያ ኮስታራ ሕዝብ በሙሉ ሥራውን ትቶ ግድግዳ ተደግፎ ፊቱን ያሞቃል። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናቸውን ደወል ወታደሮች አውርደው፣ አቅልጠው መድፍ ሊሠሩበት ወሰዱት፤ ከጦርነቱ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ከደኑ ግንድ ቆርጦ ሸጠና አዲስ ደወል አሠሩ። መስኮቱ ላይ አበባ ያልተከለ ቤት ይታማል። የማገዶ ክምሩ የተንጋደደ ጎረምሳ ሚስት አያገኝም። እትዬ በለጡን የመጀመሪያውን ክረምት ማንም ሰላም አላላቸውም፤ በረዶው አንሸራትቷቸው የወደቁ ቀን ግን ሰዎች መጥተው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ዳግም እንዳያንሸራትታቸው ደጃፋቸው ላይ አመድ በትነው ሄዱ። «ክፉም አይደሉ፣ ደግም አይደሉ። ሥርዓት ናቸው» ይሉ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ደጋግመው የሚያስወሩት የላሞቹን ነገር ነው። ላሞቹ በጋውን ተራራው አናት ላይ ከርመው በመጸው ይወርዳሉ። ሁሉም በደህና ከተመለሱ ራሳቸው ላይ የአበባ ጉንጉን፣ አንገታቸው ላይ ትልልቅ ቃጭል ይደረግላቸውና መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ይቀበላቸዋል። ከመንጋው አንዲት ላም ከሞተች ወይም የቤቱ ሰው ከሞተ ግን አበባ የለም፤ ቃጭሉ ውስጥ ሣር ተወትፎ በዝምታ ያልፋሉ፤ ወንዶቹም ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ጋሽ ታደሰ ጭናቸውን እየመቱ «እዚያ አገርስ ላም ሆኖ መፈጠር ነው!» ይላሉ።

ካዚኖዎቹ ገርበብ ብለው ሲከፈቱ እናቴና ጋሽ ታደሰ ወደ ሥራ ተመለሱ። ክረምት ላይ ጋሽ ታደሰ ታመሙ። ከዚያ ሞቱ። ቀብራቸውን በስልክ አየነው፤ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ፣ ሣጥኑ ሲወርድ እንኳ በወጉ ሳይታየን።

በተከታዩ በጋ ሆቴሉ ሙሉ በሙሉ ሊከፈት ሆነና ሠራተኞቹ የወረቀት አበባ ጉንጉን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ዋናው በር ላይ ተሰልፈው፣ ለእንግዶቹ እንዲያጨበጭቡ ታዘዙ። እናቴ አለቃዋን አንድ ነገር ለመነች፦ ጭብጨባው ሳይጀመር ለጋሽ ታደሰ ትንሽ ዝም እንበል። አለቃዋ እሳቸው የሆቴሉ ሠራተኛ አልነበሩም አለቻት። በሌላ ድርጅት፣ በጽዳት ኮንትራክተር በኩል የመጡ ናቸው፤ አይመለከተንም። ስንት ዘመን ያን ወለል ፊት እስኪያሳይ የወለወሉ ሰውዬ!

እናቴ ቤት ገብታ ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እኔ ጮህኩ። እንዲያ ጮሄ አላውቅም።

«ያቺ መንደር እንኳ ለላም ታዝናለች! እትዬ፣ ንገሯት እንጂ! ንገሯትና አትሂድ!»

እትዬ በለጡ ከሰሉን ሲቆሰቁሱ ቆይተው፣ ከዚያ በፊት አውርተውልን የማያውቁትን አወሩ። እሳቸው በነበሩበት የስደተኞች ማረፊያ ኃይሉ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር። አንድ በጋ ለአንድ ገበሬ ላም ሊጠብቅ ተራራ ወጣ፤ የጠፋች ላም ሊመልስ ሲል ገደል ገብቶ ሞተ። ላሟ በደህና ተመለሰች። በመጸው መንጋው በአበባና በቃጭል አሸብርቆ ወረደ።

«መንገድ ላይ ቆሜ ገበሬውን ጠየቅሁት። ‹የቤቱ ሰው አይደለም› አለኝ። ላሚቱ የቤቱ ናት፣ ኃይሉ አይደለም! እናንተ እየሳቃችሁ ስትሰሙኝ ይህን ለመናገር አፌ እምቢ ይለኝ ነበር።»

ያኔ በእሳቸውም፣ በመንደሯም፣ በሆቴሉም ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ ያፈቀርኳት መንደር በአንድ ማታ ከእጄ ወጣች።

«ሁሉም አለፈ» ብለው ቀጠሉ። «በመጨረሻ የገበሬው እናት፣ ከእኔ ጋር ቃል ተለዋውጣ የማታውቅ አሮጊት፣ አንዲት ላም እየሳበች መጣች። ላሚቱ ጉንጉን የላትም፤ ቃጭሏም በሣር ተወትፏል። ሴትየዋ ቀና ብላ አላየችኝም። አለፈች።»

እናቴ ሳቅ አለች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ታዲያ እትዬ፣ እኔ ላሟ ልሁን?»

«እኔ ምን አልኩ? ሥራሽን አውቃለሁ፤ ልጅም አለሽ። እንደፈቀደሽ።»

በማግስቱ እናቴ ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ እንደተወረወረ ትታው ሄደች። እኔና እትዬ በለጡ ሆቴሉ የለቀቀውን ቪዲዮ በስልክ ከፍተን ተቀመጥን። ሙዚቃው ያደነቁራል፤ ያበበ ሰልፍ ያጨበጭባል፤ እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይስቃሉ። የሰልፉ ጫፍ ላይ፣ ካሜራው ሊዞር ሲል፣ አንገቷ ባዶ የሆነ፣ እጆቿን ወደታች ያወረደች ሴት ለቅጽበት ታየች። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

ማታ ስትመለስ አለቃዋ ምን እንዳለቻት ጠየቅናት። ጫማዋን እያወለቀች ነገረችን።

«‹አበባሽ የታለ?› አለችኝ። ‹የቤታችን ሰው ሞቶብናል› አልኳት።»

ከሥራ አላባረሯትም፤ ማንም የማይፈልገውን ሺፍት ሰጧት፤ እሷም ሠራችው። ለጋሽ ታደሰ ግን ሆቴሉ ውስጥ ከእናቴ በቀር እስከ ዛሬ ዝም ያለላቸው የለም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያ ንዴት እንደ አዲስ ይነሳብኛል፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ያቺን መንደር አላየኋትም፣ የማያትም አይመስለኝም። ሰው ተሰልፎ ሲያጨበጭብ ባየሁ ቁጥር ግን ዓይኔ ወደፊት አይሄድም፤ መጀመሪያ የምፈልገው መጨረሻ ላይ የቆመውን ሰው ነው።