ካይላ ወደ ክቡ የገባች ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከከተማችን ሰፈሮች አንዱ በሆነው ራንድል አካባቢ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ፣ ከጎኔ ካለው መኪና የከበሮ ዘፈን ሰማሁ። የብላክፉቶች ነው፤ ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የእነሱ የነበረ የነባር ሕዝብ ዘፈን። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ባያስጮህብኝ ኖሮ እዚያው አመሽ ነበር።

እንዲህ ያለ ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከእናቴ ጋር ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ከሥራችን ቤዝመንቱ ውስጥ ካይላ የምትባል የስምንት ዓመት የብላክፉት ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። አያቷ ሺፍት ሲኖራቸው እኛ ጋ ትውላለች፤ ስትስቅ ቤቱን ታናውጠዋለች። አንድ ቀን የጭፈራ ቀሚሷን ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ጥቃቅን የቆርቆሮ ቃጭሎች የተሰፉበት፣ በተራመደች ቁጥር የሚንሿሿ። ልጆቹ “ቆርቆሮ ለባሿ” እያሉ አሾፉባት። ከዚያ ወዲያ ሳቋ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ ሐኪም ግን ምንም አላገኘባትም።

አያቷ በሽታውን ያውቁት ነበር። ሐምሌ ገብቶ ፓውዋው የሚሉት የዘመዶቻቸው የከበሮና የጭፈራ በዓል ሲደርስ “ዘንድሮ ካልጨፈረች ልጄን አጣኋት ማለት ነው” ብለው ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ደግሞ ይህን ሰምታ ቁጭ የምትል ሰው አይደለችም። ዳቦ ቆሎ ቋጥራ፣ ሁላችንንም ጭና መኪናዋን አስነሳች።

ከከተማው ወጥተን ወደ ምሥራቅ ስንነዳ ሜዳው ሁሉ ካኖላ በሚሉት የዘይት እህል አበባ ቢጫ ሆኗል። እስከ ዛሬ ያንን ሜዳ ሳይ መስከረም የጠባ ይመስለኛል። ካይላ ግን ቀሚሷን ጭኗ ላይ ጠቅልላ እንደያዘች ቀና ብላም አላየችው።

ስንደርስ ዝናብ የነካው ሣርና በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ይሸታል። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገባ፤ እግሬ በምቱ መሬቱን መርገጥ ጀመረ። ሕፃናቱ ተጠርተው ወደ መጨፈሪያው ክብ ገቡ። ካይላ ቀሚሷን ለብሳ ጫፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

“አልችልም፤ ይስቁብኛል” አለች።

አያቷ ጎንበስ ብለው ፊቷን ዳሰሱ እንጂ አልገፏትም። ዘፈኑ ሊያልቅ ነው። በዚህ መሀል እናቴ አፏን በእጇ ከለል ስታደርግ አየሁና ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ።

“ማሚ፣ ፕሊስ፣ እዚህ አይደለም። ሰው ያየናል።”

“ቢያየንስ? ልጅ እንዲህ አምሮባት ቆማ ዝም ይባላል?”

እልልታዋን አቀለጠችው። መሬት ብትከፈት በገባሁ። ከዚያ ከክቡ ማዶ አንዲት ብላክፉት አሮጊት መለሱላት። ድምፃቸው ቀጠን ያለ፣ የሚርገበገብ ነው፤ እልልታ ከማለት በቀር ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ በሙሉ። እናቴ ጓደኞቿን ሠርግ ቤት ያገኘች መሰለች። ካይላ ዙሪያዋን ቃኘች፤ የሚስቅባት አልነበረም። ገባች። ቃጭሎቹ ሲንሿሹ ስሰማ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ስንመለስ ካይላ ከኋላ ወንበር፣ አፏ በቂጣና በማርማላታ እንደተለወሰ፣ ሳንጠይቃት በብላክፉት ቋንቋ የወጣላትን ስም ነገረችን። ከካይላ ሌላ ስም እንዳላት እንኳ አናውቅም ነበር። እናቴ እስኪቀናት ድረስ ደጋገመችው፤ ካይላም እየሳቀች አረመቻት።

የልጆች ጭንቀት ከምን እንደሚመጣ ብዙ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አንዲት ልጅ ያፈረችበትን ነገር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲደሰትበት ስታይ ምን እንደምትሆን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ያን የብላክፉት ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ራሷ ትናገረዋለች።