ሳይቀመስ የተነሳ ሳህን

ስዊድን ደርሶ መመለስ የፈጀብኝ አንድ አይሱዙና አንድ ቆርቆሮ ቅቤ ነው። አይሱዙው የኔ ነበር፤ ከጉቶ ጊዳ ገጠር በቆሎና ቡና እያመጣ ነቀምቴ የሚያራግፍልኝ፣ ቤቴን ያቆመ መኪና። ለቪዛውም ለቲኬቱም ሲባል ተሸጠ። ቅቤው የእናቴ ነው። እሱን እዚያው አገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጓንት ያጠለቀች ልጅ ከፈተችና አሸተተችው፤ ከዚያ ፈገግ ብላ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረችው። እንዲህ ያለ ትሁት ዝርፊያ አይቼ አላውቅም።

የሄድኩት ታናሽ ወንድሜን ላመጣ ነው። ለትምህርት ብሎ ከወጣ ወዲህ አገሩን አልረገጠም፤ እዚያው አግብቶ እዚያው ወልዷል። እናታችን ደክማለች፣ ዓይኗም ከድቷታል። ሐኪሙ መድኃኒት መጻፍ ትቶ «ደስ የሚላትን አድርጉላት» ማለት ጀምሯል። እሷን ደስ የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇን በእጇ ዳስሳ መሞት። ስልኩን አስጠግተን ምስሉን ብናሳያት መስታወቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «ይሄማ ቀዝቃዛ ነው» ብላ መለሰችልን።

ስሰናበታት እጄን ያዘች። «ኢልማኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፣ ነገር ስታጠብቅ ወደ ኦሮምኛው ትዞራለች። «ቤቱ ስትገባ እንደ ሽማግሌ ግባ። እሺ ሳይልህ እህል እንዳትቀምስ።»

እኛ ዘንድ ይህ የታወቀ ነው። ሊለምን የገባ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይበላም። ማዕድ ቀርቦ እንግዳ እጁን ከሰበሰበ አባወራው ይደነግጣል፣ ሚስቱ ትማጸናለች፣ ጎረቤት ይጠራል። እኔ ራሴ ሲሬ ላይ አንድ ግትር አባት ልጁን ለወዳጄ ልጅ እንዲድር ያደረግሁት፣ የረጋ ወጥ ፊት እስኪመሽ ተቀምጬ ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ያለ ዋጋ የሚለቀቅ ዕቃ እንደሌለ አውቃለሁ። የዚህኛው ዋጋ ረሃብ ነው፤ እሱን ደግሞ ይዤ ነው የሄድኩት።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ከፊቷ ሐይቅ፣ ከኋላዋ ጫካ፣ መሃል ላይ ቀይ የተቀቡ የእንጨት ቤቶች። ጀልባዎቹ ታስረዋል፣ ባለቤቶቹ የሉም። ወንድሜ ከባቡር ጣቢያ ተቀብሎኝ፣ ቤት ከመግባታችን በፊት በሐይቁ ዙሪያ ያሉትን መንደሮች በመኪናው አዞረኝ። አንድ ቦታ መንገድ ዳር ድንችና እንቁላል የተደረደረበት ጠረጴዛ አየሁ። ከጎኑ የገንዘብ ሳጥን አለ፤ ሰው የለም።

«ሻጩ የት ሄደ?» አልኩት።

«ቤቱ ነዋ ጋሼ። የፈለግከውን ታነሳለህ፣ ሒሳቡን ትጥላለህ፣ ትሄዳለህ።»

«ታዲያ ማንን ልከራከር?»

«ማንንም።»

«ሲሬ ቢሆን ይሄኔ ጠረጴዛው ራሱ ሰው ቤት ገብቶ ታገኘው ነበር።»

ሳቀ። ሲስቅ እናታችንን ይመስላል፤ ያኔ ተስፋ አደረግሁ። መፍራት ነበረብኝ። ሰው በማይከራከርበት አገር ልለምን ነው የመጣሁት።

ሚስቱ የዚያው አገር ሰው ናት፤ ደግ ናት። ከሐይቁ የተያዘ ዓሣ ከተቀቀለ ድንች ጋር አቀረበች። ሆዴ ይጮሃል። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

«ብላ እንጂ ጋሼ» አለኝ ወንድሜ።

«የላከችኝ እናትህ ናት። አብረን እንሄዳለን በለኝና እበላለሁ።»

ሹካውን አስቀመጠ። ሚስቱ በቋንቋቸው ጠየቀችው፤ አጭር ነገር መለሰላት። እሷም ተነስታ ሳህኔን ወሰደች፣ ዓሣውን ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ስታልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጋ የሆነ ነገር አለችኝ።

«ምን አለች?»

«ሲርብህ አውጥተህ ብላ ነው የምትለው። እዚህ ሰው አያስገድዱም። አክብራህ ነው።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«አልራበውም አልኳት።»

በእሷ አልፈርድም። እሱ ግን ያደገው እኛ ቤት ነው። አባታችንን ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌዎች እጃቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ፣ ሁለታችን በበር ስንጥቅ አጮልቀን አይተናል። ምን እያደረግሁ እንደነበር ያውቃል። አውቆ ነው ሳህኑን ያስነሳው።

በማግስቱም ገፋሁበት። ሳህኑ ይመጣል፣ ሳህኑ በትህትና ይነሳል። ጎረቤት እንዳይጠራ ጎረቤቱ ሐይቁ ማዶ ነው። ስለ ጉዞው ሳነሳበት «እናያለን» ይላል፤ ሥራ ነው፣ ልጆች ናቸው፣ መንገዱ አያስተማምንም።

«ደግሞስ መጥቼ ምን አደርግላታለሁ?» አለኝ።

«ትዳስስሃለች።»

ወደ ሐይቁ ዞረ። «እሷ የምትፈልገው ልጅ የለም ጋሼ። ሌላ ሰው ይዘህላት ነው የምትሄደው።»

 

በኋላ ሁሉም ወጥተው ቤቱ ጭር ባለበት ቀትር ላይ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ያንን ዓሣ ቆሜ በላሁት። ጨው ይጎድለዋል።

ነቀምቴ ስገባ እናቴ ስለ ሐይቁም ስለ ቤቱም አልጠየቀችም።

«በላህ?» አለችኝ።

«በላሁ። ግን ሃርሜ፣ እሺ አላለም» አልኳት፤ እናቴ ማለቴ ነው።

«ከበላህማ ብሏል።»

«አላለም እኮ ነው የምልሽ፣ እናቴ።»

«እኔ የወለድኩት እሺ ሳይባል አይበላም። በድንገት ሊመጣብኝ ፈልጎ አትንገራት ብሎሃል።» ሳቀች።

ደጋግሜ ነገርኳት። በደገምኩት ቁጥር ምስጢር የምጠብቅ እየመሰላት ይበልጥ ደስ ይላታል። አልጋ አስነጠፈችለት። ወንበሯን ወደ በሩ አስዞረች። ደጃፉ ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ሁለት እጇን ትዘረጋለች፤ የገባሁት እኔ ስሆን ፊቴን ትዳስስና «አንተ ነህ» ብላ እጇን ትሰበስባለች።

አይሱዙው ተሽጧል። ቅቤው ተጥሏል። ወንድሜ እዚያው ነው። እናቴ እየጠበቀች ነው።