ልምድ ቀሳሚው የወሰደው የቦኬ ፋይል

ንብ አበባ ትቀስማለች፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ልምድ ይቀስማል ይባላል። ንቧስ ስትመለስ ማር ትሠራለች።

ጭሮ ውስጥ የመሬት አቤቱታ በሚታይበት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርት የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስም አነባለሁ፣ ቀን አነባለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ሌላ ሰው ያንብብልኝ። ነገር ግን ፋይሌ ጠፋ ብሎ ከእኔ መስኮት አልቅሶ የሄደ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ፋይሎቹን የደረደርኳቸው በመንገድ ነበር። ባለጉዳይ ከየት እንደመጣ ያውቃል እንጂ የፋይሉን ቁጥር ማን ያስታውሳል? በገለምሶ መንገድ የሚመጣው በግራ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ክር። የሂርናው በመስኮቱ በኩል፣ ነጭ ክር። የሚኤሶው በሩ አጠገብ፣ ጥቁር ክር። የቦኬው በቀኝ ግድግዳ፣ ቀይ ክር። ለከተማው የሚቀርበው ቀበሌ ከታች፣ የሚርቀው ከላይ። ሰው ከሚኒባስ ወርዶ አገሩን ሲነግረኝ እግሬ ራሱ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ያ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊያችን ሰብስቦ አነበበልን። ከገለምሶ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ባለሙያ ለአንድ ወር እኛ ዘንድ ተመድቦ ይሠራል፤ ልምድ ይቀስማል፣ ልምድ ያካፍላል፤ ሲጨርስም ያመጣውን ለውጥ በሪፖርት ያቀርባል።

"ለውጥ ባያመጣስ?" አልኩ።

"ያመጣል አባባ። ቅጹ ላይ ቦታ አለው" አለኝ ኃላፊው።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ ካለ፣ ደህና የተቀመጠ አንድ ነገር መነካቱ አይቀርም።

ሰውየው መጣ። ጫማው የሚያበራ፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሻይ ቤት ቀሰመ። ሁለተኛውን ከሰዓት ከሰዓት በርጫ ላይ ቀሰመ፤ የገለምሶ ሰው ስለሆነ የጭሮን ጫት እየናቀ ነው የሚቅመው፣ ግን ይቅማል። በሦስተኛው ሳምንት ሪፖርቱ ትዝ አለውና ወደ እኔ ገባ።

"አባባ፣ ይሄ በምን ሥርዓት ነው የተደረደረው?"

"በመንገድ።"

"በምን?"

"ሰው በሚመጣበት መንገድ።"

ሳቀ። እንዲህ ያለ ነገር የትም አይቼ አላውቅም አለ። ዘመናዊ አሠራር ማለት ፋይሉ በተከፈተበት ዓመት መደርደር ነው አለኝ።

"ገበሬው እኮ ዓመቱን አያውቅም" አልኩት።

"እንዲያውቅ ይደረጋል።"

ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ጮህኩ። "ይተዉዋቸው አባባ፣ ሊሄዱ ትንሽ ነው የቀራቸው" አለኝ። እሳት ያዘ ብትለውም እንዲሁ ይል ነበር፤ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው።

በአራት ቀን የሃያ ዓመት ሥራ ፈረሰ። ክሮቼን ሁሉ እየፈታ በፌስታል ሰበሰበና "ይጣሉት" ብሎ ሰጠኝ። አልጣልኩትም፤ ቤቴ ወሰድኩት።

በመሰናበቻው ቀን ቆሎና የላስቲክ ውኃ ቀረበ። ሰውየው ተነሥቶ በቀኝ እጁ አንድ ያማረ ፋይል፣ በግራው ደግሞ በቀይ ክር የታሰረ አሮጌ ፋይል ከፍ አድርጎ፣ "ይሄ በፊት፣ ይሄ በኋላ!" አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ገለምሶው ተመለሰ።

ወር ሳይሞላ አንዲት ሴት መጣች፤ አንድ ሐሙስ ቀን፣ በጠዋት። ከቦኬ ወዲያ ያለች ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፣ ከዚህ በፊትም አውቃታለሁ። የባሏ ወንድም መሬቱን "የአባታችን ነው፣ ለወንድሜ ብቻውን አልተሰጠም" ብሎ አርሶባታል። ፍርድ ቤቱ፣ መሬቱ ሲለካ ባልሽ የፈረመበትን ወረቀት በሚቀጥለው ሐሙስ አምጪ፣ አለዚያ መዝገቡ ይዘጋል ብሏታል። መዝገቡ ከተዘጋ እሷና አራት ልጆቿ የሚበሉበት ሌላ መሬት የላቸውም። ወረቀቱ ያለው እኛ ዘንድ ባለው ፋይሏ ውስጥ ነው።

አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ እርስዎ ብሎ ነገር የለም። "አባ፣ አካም ጂርታ? ደህና ነህ? አንተ ታውቀዋለህ፣ ስጠኝ" አለችኝ።

እግሬ ወደ ቀኙ ግድግዳ ሄደ። ግድግዳው ላይ ዓመት ብቻ ተጽፏል። ተመልሼ፣ እያፈርኩ፣ "ፋይሉ የተከፈተው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" አልኳት።

"ዓመት?" አሰበች። "ወላሂ አባ፣ ግመሉ ገደል የገባ ጊዜ ነው።"

"የማን ግመል?"

"የአጎቴ ነዋ!" አለች፣ የአጎቷን ግመል የማያውቅ ሰው በመገኘቱ ተቆጥታ።

ሁለት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ዓመት ገለበጥኩ። የለም። ዓርብ ወደ ማታ ወገቤን ይዤ ስቀመጥ የሰውየው ግራ እጅ ዓይኔ ላይ መጣ። ክር ሁሉ ተፈትቶ ሳለ ያ ፋይል በቀይ ክር ታስሮ ነበር። "በፊት" ብሎ ያሳየው የቦኬ ፋይል ነው! ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ወስዶታል።

ኃላፊው ስልክ ደወለለት፣ ዝግ ነው። "በደብዳቤ እንጠይቃለን" አለኝ። የእኛ ደብዳቤ ገለምሶ እስኪደርስ የሴትየዋ መሬት ሁለቴ ይታጨዳል። ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ የገለምሶ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መሥሪያ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ፊት ለፊቱ አግዳሚው ላይ ስድስት ሰው ተቀምጧል።

"የት ነው ያለው?" አልኳት ጸሐፊዋን።

"ልምድ ልውውጥ ናቸው።"

"እሱንማ ከእኛ ጋር ጨረሰ እኮ!"

"ያ ያለፈው ነው አባባ። አሁን አዳማ ናቸው፣ ለአንድ ወር።"

"ቁልፉስ?" መሳቢያው ተቆልፏል።

"ይዘውት ነው የሄዱት።"

ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጣ።

"አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?"

"ልምድ ልቀስም ነው።"

"ደብዳቤ አለዎት?"

"የእናንተ ሰው የእኛን ቤት ሊያፈርስ ሲመጣ ደብዳቤ ይዞ ነበር። እኔ የመጣሁት የተበተነውን ልሰበስብ ነው፤ ለእሱ ደብዳቤ አያስፈልግም።"

ጉዳዩን ነገርኩት። የሠራተኛ መሳቢያ መክፈት አይቻልም፣ ባለቤቱ መኖር አለበት አለኝ። እንግዲያው እስኪመጣ እጠብቃለሁ አልኩና አልተነሣሁም። ሰው ገብቶ ሰውየውን ሲጠይቅ "የለም፣ እየቀሰመ ነው" እላለሁ። አግዳሚው ላይ የነበረ አንድ ነጋዴ፣ ገለምሶ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ሦስት ሳምንት ተመላልሷል። ሰውየው ማመልከቻውን ተቀብሎት ወደ አዳማ እንደሄደ ነገረኝ።

"አቦ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የእኔን ያህል ይህን አግዳሚ የቀሰመ የለም! ለእኔስ የምስክር ወረቀት አይሰጡኝም?" አለ። አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

ማክሰኞም በጠዋት ገብቼ ተቀመጥኩ። ነጋዴውም መጣና ከጎኔ ወንበር ሳበ። ኃላፊው በበሩ ባለፈ ቁጥር "ዛሬ ምን ተማርን?" እያለ ነጋዴው እኔን ይጠይቀኛል፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ "መቆለፍ!" እላለሁ። ረቡዕ ጠዋት ኃላፊው መረረው። መሳቢያ ለመክፈት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ አናጺ ተጠራ። አናጺው በአንድ ምት ከፈተው፤ ቃለ ጉባኤው ግን አንድ ሰዓት ፈጀ።

ውስጡ ሦስት የምስክር ወረቀት፣ አንድ ማበጠሪያ፣ የነጋዴው ማመልከቻ ሳይነካ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ቀይ ክር።

ሐሙስ ፋይሉን በእጄ ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ የባሏ ወንድም ከወዲያ ጥላ ሥር። ፋይሉን ስታይ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ክሩን ዳሰሰችው። ዳኛው የልኬቱን ወረቀት አወጡ። የሟቹ የጣት አሻራ አለ፤ ከሥሩ የአዋሳኞቹ። መሬቱ የወንድሜ ነው፣ ድንበራችንም ይሄ ነው ብሎ በምሥራቅ በኩል አሻራውን ያሳረፈው ያው የባሏ ወንድም ነበር።

"ይሄ የማን ጣት ነው?" አሉት ዳኛው።

ሰውየው አውራ ጣቱን እንደ ሌላ ሰው ጣት አየው። መሬቱ ለእሷና ለልጆቿ ተወሰነ።

ስንወጣ ሴትየዋ እጄን ይዛ፣ "አባ፣ አሁን የት ልታስቀምጠው ነው?" አለችኝ።

"ቀኝ ግድግዳ፣ ከላይ። በመንገድሽ።"

ፌስታሉን ከቤቴ አምጥቼ ሁለት ወር ሙሉ ክር ሳስር ከረምኩ። ከሥራ ገበታ ያለ ፈቃድ በመቅረት ተብሎም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ እሱንም ክር አስሬ የራሴ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ስለ ሴትየዋ መሬት የጠየቀኝ ኃላፊ ግን የለም፤ ለእሱ በቅጹ ላይ ቦታ የለም።

ክረምት ሳይገባ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አሁን ደግሞ ከሂርና አንዲት ባለሙያ፣ ለአንድ ወር። ኃላፊው እየመራ ወደ እኔ አመጣት። በሩ ተቆልፏል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ዱካዬ ላይ ተቀምጫለሁ።

"አባባ፣ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ የታለ?" አለ ኃላፊው።

"ልምድ ልውውጥ ሄዷል" አልኩት፣ ኪሴ ውስጥ እንደጨበጥኩት።